ጥሎ ማለፍ

በሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ስለ እግር ኳስ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን በማኅሌት መካከል ፉጨት እንደ መስማት ሊሆንባቸው ይችላል። ሆኖም ስለ ልብ ወለድና ስለ ቴያትር ስንከራከር ዘወትር የምናነሣቸው ነገሮች፣ ማለትም ግጭቱ፣ ልብ ሰቀላው፣ በትንሽ ሰው ላይ የሚወርደው ታላቅ ዕጣ፣ በአንድ የኳስ ውድድር ዘመን ውስጥ ተሟልተው የተገኙበት ጊዜ አለ። ስለዚያ የውድድር ዘመን ልጽፍ ካሰብሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የራሳችንን ስጠቅስ «ዓ.ም.» የሚለውን እጨምራለሁ።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ከሚሠሩባቸው ቃላት ሁሉ እንደ «ጥሎ ማለፍ» የምወደው የለም። ሁለት ግሦች ናቸው፤ አንደኛው ወገን ይጣላል፣ ሁለተኛው ያልፋል፣ አበቃ። የነጥብ ድምር የለም፣ «በሚቀጥለው እናያለን» የሚባል ተስፋም የለም። ያው ሐረግ ግን በሌላም ቦታ ያገለግለናል። ደግ ሰው ሲሞት «ስም ጥሎ አለፈ» እንላለን። እዚህ ላይ የተጣለው ተጋጣሚ ሳይሆን በምድር ላይ የቀረው ስም ነው፤ ያለፈውም አሸናፊው ሳይሆን ሟቹ። አንድ ሐረግ አሸናፊንም ሟችንም እንዴት ሊሸከም እንደ ቻለ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ያብራሩት። እኔን የገረመኝ፣ ከዚህ በታች የምተርክለት ቡድን ሐረጉን በሁለቱም ትርጉሙ የፈጸመው መሆኑ ነው።

በነጥብ የሚካሄድ የሊግ ውድድር እርሻን ይመስላል። ሰፊ መሬትና ጥሩ በሬ ያለው ገበሬ አንድ ቀን በረዶ ቢመታበት፣ አንዱን ማሳ ተምች ቢበላበት፣ በዓመቱ መጨረሻ ጎተራው ከጎረቤቱ ጎተራ ይልቅ መሙላቱ አይቀርም። ጥሎ ማለፍ ግን እንደ ጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ነው። ባለርስቱም ጭሰኛውም በአንዲት ዕለት በአንድ ችሎት ፊት ይቆማሉ፤ ያን ዕለት አንደበቱ የቀና ይረታል። በእርግጥ ባለርስቱ ጥሩ ነገረ ፈጅ የመግዛት አቅም ስላለው ብዙውን ጊዜ የሚረታው እርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ሕዝብ ወደ ሜዳ የሚጎርፈውም በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ስላለችው ክፍተት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ብሔራዊ ውድድር አባት የእንግሊዝ ዋንጫ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፍጻሜ የተካሄደው በ1872 ነው። የፈረንሳይ ዋንጫ ዘግይቶ መጣ፤ አወላለዱም በጦርነት መካከል ነበር። ሻርል ሲሞን የተባለ የፈረንሳይ ስፖርት መሪ በ1915 በጦር ሜዳ ወደቀ፤ ጓደኞቹም ለመታሰቢያው በ1917 በስሙ የዋንጫ ውድድር መሠረቱ። በ1918 የጸደይ ወራት የመጀመሪያው ፍጻሜ ሲደረግ መድፉ ገና ዝም አላለም። እንግዲህ ውድድሩ ገና ከጥንቱ ስም ጥሎ ላለፈ ሰው የቆመ ሐውልት ነበር ማለት ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በአገሪቱ የተመዘገበ ክለብ ሁሉ፣ የመንደርም ይሁን የባሕር ማዶ ደሴት፣ ሊገባበት ይችላል። በሺህ የሚቆጠሩ ቡድኖች በበጋው ማብቂያ ላይ ይጀምራሉ፤ በየዙሩ ግማሾቹ ይወድቃሉ፤ የአንደኛ ዲቪዚዮን ታላላቅ ክለቦች የሚቀላቀሉት ክረምቱ ሲገባ፣ 64 ቡድኖች ብቻ ሲቀሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያገናኘው ዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ትልቅና ትንሽ አያውቅም።

ከ1999 እስከ 2000 በተካሄደው ውድድር ላይ ዕጣው ደጋግሞ የጠራት ከተማ ካሌ ነበረች። ካሌ በፈረንሳይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከእንግሊዝ የዶቨር ገደል ፊት ለፊት፣ 33 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋው የባሕር ወሽመጥ ዳር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። እናቶቻችን በኪሮሽ የሚሠሩት ዳንቴል ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ካሌም ቀደም ባለው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ በመጡ ሠራተኞችና መኪናዎች አማካይነት የዳንቴል ከተማ ሆና ነበር። በውድድሩ ዘመን ግን የዳንቴል ፋብሪካዎቹ በብዛት ተዘግተው፣ ሥራ አጥነት ከተማውን ተጭኖት ነበር። ክለቡ በአራተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት የአማተር ክለብ ነው። ተጫዋቾቹ ቀን የወደብ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሆነው የሚውሉ፣ ማታ ማታ ልምምድ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። አሠልጣኛቸው ላዲስላስ ሎዛኖ በትውልዱ ስፔናዊ ነው።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርሁ። ከሥራ ስወጣ ፒያሳ አካባቢ ወዳለው የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብዬ ቀናት ያለፋቸውን የፈረንሳይ ጋዜጦች የማገላበጥ ልማድ ነበረኝ። ስለዚህ የካሌ ታሪክ እንደ ተከታታይ ልብ ወለድ በክፍል በክፍል፣ ሁልጊዜም ዘግይቶ ነበር የሚደርሰኝ። ዘግይቶ መድረሱ የራሱ ጣዕም አለው፤ እኔ ገና ስጨነቅ ነገሩ በዚያ አልቆለታል።

ልቤ ለምን ወደ ካሌ እንዳዘነበለ ማስረዳት አይከብደኝም። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን የግራ ተከላካይ ነበርሁ። የአገራችን ኳስ ያደገው በሠራተኛው ትከሻ ላይ መሆኑን የክለቦቻችን ስም ራሱ ይመሰክራል፤ መብራት ኃይል፣ ባንኮች፣ መድን፣ በ1960ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የነበረው የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር። እኛ ግን ከእነዚያ በብዙ ደረጃ የምናንስ፣ እሑድ ጠዋት በአቧራ ላይ የምንጫወት ነበርን። ሰኞ ጠዋት እግሩ አብጦ መዝገብ ፊት የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ስለዚህ በጋዜጣው ላይ ከተጫዋቹ ስም ቀጥሎ የቀን ሥራው ተጽፎ ሳይ እንደ ዘመድ ወሬ አነበው ነበር።

በመጀመሪያ የገጠማቸው ሊል ነው። ሊል ያን ዓመት ሁለተኛውን ዲቪዚዮን በአንደኝነት ጨርሶ ወደ ላይ የወጣ ጠንካራ የሰሜን ክለብ ነበር። አንድ ለአንድ ተለያዩና ካሌ በፍጹም ቅጣት ምት አለፈ። ቀጥሎ እንደ እርሱ አማተር የሆነውን ላንጎንን ጣለ። ከዚያ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን የመጣው ካን፤ እዚያም አንድ ለአንድ፣ እዚያም ፍጹም ቅጣት ምት። ቡድኑ ከዚህ በኋላ ጨዋታውን በራሱ ትንሽ ሜዳ ሊያካሂድ አልቻለም፤ ሕዝቡ አይበቃውም ነበርና ወደ ላንስ ከተማ ወደ ቦላር ስታዲየም ተዛወረ። በሩብ ፍጻሜው ከአንደኛ ዲቪዚዮን የመጣው ስትራስቡርግ እዚያ 2 ለ 1 ተሸነፈ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1992 ዓ.ም. በግማሽ ፍጻሜው የመጣው ቦርዶ ነው። ቦርዶ በ1999 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ነበር። ዘጠና ደቂቃ ያለ ግብ አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት የካሌው ሴድሪክ ዣንዶ አገባ። ሊሊያን ላስላንድ ለቦርዶ አቻ አደረገ። በዚህ ጊዜ፣ አንባቢ ሆይ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ሁሉ «አሁንስ አለቀላቸው» ይላል፤ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብና ልምምድ ብቻ የሆነለት ባለሙያ ተጫዋች ከመቶኛው ደቂቃ በኋላ በወደብ ሠራተኛ ላይ የበላይነቱን ማሳየቱ የተፈጥሮ ሕግ ነውና። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ማትዩ ሚሊየን ሁለተኛውን፣ ሚካኤል ዤራር ሦስተኛውን አከታትለው አገቡ፤ ሦስት ለአንድ። ጋዜጣውን ያነበብሁት ከአምስት ቀን በኋላ ነው፤ ከወንበሬ ተነሥቼ መቆሜን ያወቅሁት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በዓይኗ ስትገሥጸኝ ነበር።

ከአራተኛ ዲቪዚዮን ተነሥቶ ለፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም። ፍጻሜው ሚያዝያ 29 ቀን 1992 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በፊት ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን ባነሣችበት በስታድ ደ ፍራንስ፣ ወደ 80 ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት፣ ርእሰ ብሔሩ ዣክ ሺራክ በተገኙበት ተካሄደ። ተጋጣሚው ናንት ነበር። ናንት ያለፈው ዓመት የዋንጫው ባለቤት ቢሆንም በሊጉ ወደ ታች ላለመውረድ የሚንፈራገጥ፣ የተጨነቀ ቡድን ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

በ34ኛው ደቂቃ ዤሮም ዱቲትር ለካሌ አገባ። እስከ ዕረፍት ድረስ አንድ ለባዶ መርተዋል። ከዕረፍት መልስ አንቷን ሲቢየርስኪ አቻ አደረገ፤ ሲቢየርስኪ የተወለደው ሊል ከተማ ነውና የሰሜንን ሕልም የሚያቋርጠው የሰሜን ልጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስከ ዘጠናኛው ደቂቃ ድረስ እንደ ተወጠረ ገመድ ቆየ። በመጨረሻው ደቂቃ የናንቱ አለን ካቬግሊያ በቅጣት ክልል ውስጥ ወደቀ፤ ዳኛውም ወደ ነጥቧ አመለከተ። ተጥሎ ነው ወይስ ወድቆ? ክርክሩ ለብዙ ጊዜ አልበረደም። ሲቢየርስኪ መታ፤ ሁለት ለአንድ፤ ፊሽካ።

ቀጥሎ የሆነውን ነው ብዙ ሰው የሚያስታውሰው። የናንት አምበል ግብ ጠባቂው ሚካኤል ላንድሮ ነበር፤ ዕድሜው ገና 20። ዋንጫውን ለመቀበል ሲወጣ የካሌውን አምበል ሬዢናልድ ቤክን እጁን ይዞ ጠራው፤ ሁለቱም ዋንጫውን በአንድነት ወደ ሕዝቡ አነሡት። ፎቶግራፉን ያየሁት ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በመካከሉ፣ ግንቦት 4 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በእኛና በኤርትራ መካከል የነበረው ጦርነት እንደገና ተቀጣጥሎ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ ትንሽ ራዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ የግንባሩን ወሬ ይከታተላል። እኔ ደግሞ አሸናፊና ተሸናፊ አንድ ዋንጫ በአራት እጅ ሲያነሡ አያለሁ። ይህ ፎቶግራፍ ያን ያህል የገባኝ በዚያ ሳምንት ስላየሁት ሊሆን ይችላል።

ፎቶግራፉን ለአንድ ባልንጀራዬ ባሳየው ግን እንዳሰብሁት አልተደሰተም። ነፍሱን ይማርና፣ ይህ ሰው እኔ በነበርሁበት ቡድን ውስጥ የፊት አጥቂ ነበር፤ በአንድ የመሥሪያ ቤቶች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፈን፣ ለማጽናኛ የተሰጠንን ሜዳልያ ከሚስማርና ከመፍቻ ጋር በመሳቢያ ውስጥ ወርውሮት የኖረ ሰው ነው።

«ምጽዋት ነው» አለኝ።

«እንዴት ምጽዋት ይሆናል?»

«የሠርግ ቤት አጥር ላይ የቆመውን ደኃ ግባና ጉረስ እንደ ማለት ነዋ! ጎርሶ ሲወጣ ያው ደኃ ነው። ዋንጫው ወዴት ሄደ? ናንት።»

በዚህ ነገር ለዓመታት ተከራክረናል። የእኔ ሙግት ይህ ነበር፤ ምጽዋት የሚባለው ሰው ከተረፈው ላይ ሲሰጥ ነው። ናንት የተረፈው ነገር አልነበረም። ከሊጉ ለመውረድ አፋፍ ላይ ለቆመ ቡድን ያች ዋንጫ የዓመቱ ብቸኛ ምርት ነበረች፤ ያውም በሚያከራክር ቅጣት ምት የተገኘች። ላንድሮ ከዚያች ከአንዲት ሙዳይ ላይ ነው ያካፈለው። ደግሞም ግብ ጠባቂ ነው፤ በሜዳው ላይ አንድ ነገር በሥንዝር ሊለይ እንደሚችል ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የ20 ዓመት ልጅ በ80 ሺህ ሕዝብ ፊት ያን ያህል ማሰቡ ለእኔ ከግቦቹ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ባልንጀራዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንድ ቀን የመለሰልኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «የተሸነፈ ሰው አንድ መብት አለው» አለ። «ማዘን። ያን ለብቻው ተውለት። እኔን ያን ዕለት ማንም ዋንጫ አስይዞ ፎቶ ቢያነሣኝ ኖሮ በምን ፊቴ አለቅስ ነበር?»

ስለ ካሌ የሚያስብ ሰው ወደ ሮዳን ሳይሄድ አይቀርም። በ1347 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ከተማዋን ለአሥራ አንድ ወር ያህል ከቦ በረኀብ ካንበረከካት በኋላ፣ ስድስት የከተማው ታላላቅ ሰዎች ባዶ እግራቸውን፣ ገመድ በአንገታቸው አስረው፣ የከተማዋን ቁልፍ ይዘው ከወጡ ሌላውን ሕዝብ እንደሚምር ተናገረ። ኤስታሽ ደ ሴን ፒየርን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ወጡ፤ የታሪክ ጸሐፊው ፍሯሳር እንደሚለው ንግሥት ፊሊፓ ተማጽና ነፍሳቸውን አተረፈች። ኦጉስት ሮዳን ይህን በነሐስ ሲሠራ፣ የጠበቁት ሰዎች እንደሚሹት አንድ ጀግና በከፍታ ላይ አላቆመም። ስድስቱን ሁሉ እኩል አደረጋቸው፤ አንዱ ራሱን በእጁ ይዟል፣ አንዱ ወደ ኋላ ዘወር ብሏል፣ አንዱ መንጋጋውን ነክሷል፤ ማንም ማንንም አያይም። በምሕረቱ ሰዓት ሳይሆን ገና ወደ ሞት ሲራመዱ ነው የቀረጻቸው። ሐውልቱ ከሚያልፈው ሕዝብ ጋር ትከሻ ለትከሻ እንዲሆን መሬት ላይ እንዲቆም ፈልጎ ነበር፤ ከተማው ግን በ1895 ሲያስመርቀው ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አወጣው፤ ወደ ታች የወረደው ኋላ ነው። ባልንጀራዬ ሐውልቱን አላየም፤ ቢያይ ኖሮ ከእኔ ይልቅ ከሮዳን ጋር የሚስማማ ይመስለኛል።

ክለቡስ? ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን በፎቶግራፉ ላይ ይዘጉታል፤ ይህ ለጸሐፊም ለአንባቢም የሚመች ቢሆንም እውነተኛውን ነገር ያስቀራል። ካሌ በ2006 እንደገና እስከ ሩብ ፍጻሜ ዘለቀ፤ እንደገናም ያስቀረው ናንት ነበር። በ2008 ከተማው ወደ 12 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም አስመረቀ፤ ስሙንም ያን የውድድር ዘመን ለማስታወስ «የጀብዱ ታሪክ ስታዲየም» እንደ ማለት «ስታድ ደ ሌፖፔ» አለው። ለአንድ ትዝታ የተሠራ ቤት ማለት ነው። ክለቡ ግን ሊሞላው አልቻለም። በገንዘብ ችግር ሲንገዳገድ ቆይቶ በመስከረም 2017 በፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ። ማንም ሜዳ ላይ አልጣለውም፤ የጣለው የሒሳብ መዝገብ ነው። እኔ በበኩሌ ያ የውድድር ዘመን በረከት ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። ትንሽ ክለብ አንድ ቀን ሰማይ ከነካ በኋላ ሰማዩን እንደ ቤቱ እንዲቆጥረው የሚገፋፋው ሰው ብዙ ነው። ስታዲየሙ ዛሬም አለ፤ ስሙም አለ።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ጉዳይ ልመለስ። የእኅቴ ልጅ በ2014 ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሱዳን፣ በሊቢያና በሜዲትራንያን ባሕር አድርጎ፣ እኛ እንደ ሞተ ቆጥረነው ወራት ካለፉ በኋላ፣ በ2015 በልግ ላይ ደወለ።

«ጋሼ፣ ደኅና ነኝ። ፈረንሳይ ነኝ።»

«የት?»

«ካሌ የሚባል አገር።»

እኅቴ ከጎኔ ታለቅሳለች። እኔ የማውቃት ካሌ የዱቲትር ካሌ ናት። እርሱ ያለባት ግን ሌላ ናት፤ ከከተማው ዳር፣ በአሸዋና በጭቃ ላይ፣ ከሱዳን፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከኤርትራ፣ ከእኛም አገር የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በላስቲክ ድንኳን የሚያድሩባት፣ ሰዎች «ጫካ» ብለው የጠሯት ሰፈር። እዚያ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በአንድነት ከእንጨትና ከሸራ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ነበር። ሌሊት ሌሊት ወጣቶቹ ወደ እንግሊዝ በሚሻገሩት የጭነት መኪናዎች ውስጥ ለመደበቅ ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ተይዘው ይመለሳሉ፤ በማግሥቱ እንደገና። በባቡርና በመኪና የተገደሉም አሉ።

አንድ ቀን ሲደውል ወደ መኻል ከተማ ወጥቶ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ያለውን ሐውልት እንዲያይ ነገርሁት። ለካ አይቶት ኖሯል።

«እነዚያ ገመድ ያሰሩት? አየኋቸው ጋሼ። እስረኞች መስለውኝ ነበር።»

ታሪኩን አጫወትሁት።

«ተረፉ?» አለኝ።

«ተርፈዋል።»

«ከተማውንስ ለቀቁላቸው?»

እንግሊዞች ካሌን እስከ 1558 ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንደ ያዟት ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔም እኮ ወደ እነርሱ ልሄድ ነው የምታገለው» አለና ሳቀ። ከተለያየን ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

እንግሊዝ አልደረሰም። በጥቅምት 2016 ሰፈሩ ሲፈርስ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ሌሎች የፈረንሳይ ከተሞች ከተወሰዱት አንዱ ሆነ፤ ጥገኝነት ጠይቆ ተፈቀደለት። ዛሬ በሰሜን ፈረንሳይ በአንዲት ትንሽ ከተማ በምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። እሑድ እሑድ ለመንደሩ ክለብ ይጫወታል፤ የግራ ተከላካይ ነው። ክለቡ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ላይ የፈረንሳይ ዋንጫ የመጀመሪያ ዙር ውስጥ ይገባል፤ ገብቶም ሁለተኛውን ዙር አልፎ አያውቅም። ባለፈው ጊዜ የተጫወቱት ከጎረቤት መንደር ጋር ነበር። አንድ ለአንድ አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ፤ አራተኛውን የመታው እርሱ ነው፤ ገባለት። አምስተኛውን ጓደኛቸው፣ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሰማይ ላይ ሰደደው።

«ምን አላችሁት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምን እንለዋለን ጋሼ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሊጥ አለበት። ወደ ቤቱ ሸኘነው።»